የወይዘሮ ኦዜላ ታንስታል ሕይወትና መሳቢያ ውስጥ የቀረው ወረቀት

ወይዘሮ ኦዜላ ፔትዌይ ታንስታል ከአባታቸው ከአቶ ሉሽየስ ፔትዌይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቨርሊን ኔትልስ እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 1951 በሚሲሲፒ፣ ቤልዞኒ ከተማ ተወለዱ። የስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቶሊዶ፣ ኦሃዮ መጣ፤ አባታቸውም መስታወት ፋብሪካ ገቡ።

በልጅነታቸው አንደበታቸው ይንተባተብ ስለነበር መምህራኑ አእምሮአቸው የዘገየ መስሏቸው ምድር ቤት ከሚገኘው፣ "ልዩ ክፍል" ከሚሉት አስገቧቸው። እዚያም ሦስት ዓመት ሙሉ ወረቀት ሲቆርጡና ሲለጥፉ ከረሙ። በመጨረሻ እናታቸው የእሑድ ባርኔጣቸውን ደፍተው መጡና፣ "የተያዘው የልጄ ምላስ ነው እንጂ ጭንቅላቷ አይደለም!" ብለው እጃቸውን ይዘው አወጧቸው። ወይዘሮ ኦዜላም በ1970 ሁለተኛ ደረጃን በከፍተኛ ውጤት ጨረሱ። መንተባተቡም ከጊዜ በኋላ ተዋቸው።

በ1973 ከዲያቆን ሆሊስ ታንስታል ጋር ዛሬ በምንሸኝባት በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው፣ ባለቤታቸው በ2006 እስኪያርፉ ድረስ በፍቅር ኖሩ። የአብራክ ልጅ አላገኙም። ሆኖም እህታቸው ኮሪን በ1984 ስታርፍ፣ የአምስት ዓመት ልጇን ሬኒታን ወስደው አሳደጉ። የእናት ፍቅርም፣ የእናት ቁጣም አላጓደሉባትም። ይህን ታሪክ የጻፈችው ሬኒታ ናት።

በ1999 በመንግሥት ገንዘብ፣ በራሱ ቦርድ በሚተዳደረው በካልቨርት ጌት ቻርተር ትምህርት ቤት በሬጅስትራርነት ተቀጠሩ። የአራት መቶ አሥራ ሁለት ልጆችን ዘር፣ የቤት ቋንቋ፣ ነፃ ምሳ ተጠቃሚነትና ልዩ ድጋፍ እየመዘገቡ ለመንግሥት የሚያስተላልፉት እሳቸው ነበሩ። መንግሥት በመቶኛ ይጠይቃቸዋል እንጂ፣ እሳቸውስ የየትኛው ልጅ ጥርስ መቼ እንደወለቀ ሳይቀር ያውቁ ነበር። መንግሥት በዕለቱ የተገኘውን ተማሪ ብቻ በሚቆጥርበት የኦክቶበር ቆጠራ ዕለት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምረው በየቤቱ ይደውላሉ። "ስሚኝ የኔ እመቤት፣ ልጅሽ ዛሬ ወንበሩ ላይ ካልተገኘ ለኦሃዮ መንግሥት ገና አልተወለደም!" ይላሉ። ያልመጣውን በራሳቸው መኪና ሄደው፣ በሌሊት ልብሱም ቢሆን ያመጡታል። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል እንዲያ የመጣችሁ አላችሁ።

በ2012 የሬኒታ ልጅ ዛሪያ ሁለተኛ ክፍል ልትገባ እዚያው ትምህርት ቤት መጣች። ከቀድሞ ትምህርት ቤቷ የተላከው የግምገማ ወረቀት፣ ልጅቱ ፊደል ስለሚምታታባት ልዩ የንባብ አስተማሪ ያስፈልጋታል ይል ነበር። ሬኒታ ቢሮ ገብታ በሩን ዘጋች።

"አክስቴ ዜል፣ እባክሽ ይሄን ወረቀት አታያይዢው።"

"አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? ያ ዘመን አልፏል። አሁን ምድር ቤት አይወስዷትም፣ አስተማሪ ነው የሚመድቡላት።"

"አንዴ ስም ከወጣላት ማን ይፍቅላታል? አንቺ ራስሽ እስከ ዛሬ ምድር ቤት ላለመውረድ ሰው ትልኪ የለም? አንድ ዓመት ብቻ ተያት።"

ሬኒታ ቁስላቸውን አውቃ ነው የነካችው። ያሳሰባት የልጅቱ ነገር ብቻም አልነበረም፤ ሰፈሩ "የሬኒታ ልጅ ዘገምተኛ ናት" እንዳይላት አፍራ ነበር። ወይዘሮ ኦዜላም ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተቱና "ልዩ ድጋፍ" በሚለው ቦታ "የለም" ብለው መዘገቡ።

አንድ ዓመት የተባለው ሁለት ሆነ። በ2014 ዛሪያ የሦስተኛ ክፍል የንባብ ፈተና ወድቃ ክፍል ደገመች። በዚያው ዓመት፣ ልዩ ድጋፍ የሚያገኙት ልጆች ቁጥር ለምን አነሰ ብለው የመጡ ተቆጣጣሪዎች ወረቀቱን ከመሳቢያው አገኙት። ትምህርት ቤቱ ስሙ እንዲያምርለት የልጆችን ወረቀት ይደብቃል ተባለ፤ ወላጆችም ተቆጡ። ቦርዱ ምግብ አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ ጠራ።

"ወይዘሮ ታንስታል፣ ይህን እንዲያደርጉ የነገረዎት ሰው አለ?" አሉ ሰብሳቢው።

መንተባተቡ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ተመለሰባቸው። "ማ... ማንም የለም። እ... እኔው ነኝ።"

ሬኒታ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ዞር ብላ፣ "ያንቺ ልጅ አይደለችም እንዴ? ታውቂ ነበር?" አለቻት። ሬኒታም "እኔ በምን አውቄ!" አለች። ወይዘሮ ኦዜላ አሥራ አምስት ዓመት ካገለገሉበት ቤት እቃቸውን በካርቶን ይዘው ወጡ። ሬኒታ ካርቶኑን እንኳ አላገዘቻቸውም።

ዛሪያ ወሬውን ከልጆች ሰምታ፣ "እማዬ፣ ወረቀቴን የደበቀችው አክስት ዜል ናት?" ብላ ጠየቀች። "ምሳሽን ብዪ" ተባለች። ከዚያ ወዲህ አክስቷ ቤት አልሄደችም። ቤተ ክርስቲያን ሲያገኟት ፊቷን ታዞራለች፤ በየልደቷ የላኩላት ካርድም ሳይከፈት ይመለሳል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የሬኒታ ዝምታ ግን ነቅዟል።

ወይዘሮ ኦዜላ ከ2021 ጀምሮ በኩላሊት ሕመም በሳምንት ሦስት ቀን ደማቸውን ያሳጥቡ ነበር፤ የምታመላልሳቸውም ሬኒታ ነበረች። አንድ ቀን መኪና ውስጥ፣ "ለዛሪያ ልነግራት ነው" አለቻቸው።

"አሁን አይሆንም። እኔን ካጣችኝ ቆየች፤ ዛሬ ብትነግሪያት እናቷንም ታጣለች። እኔ ስሞት ንገሪያት።"

"ጥፋቱ የኔ ሆኖ ሳለ?"

"ለመንሽኝ እንጂ እጄን አልያዝሽም። ወረቀቱን የከተትኩት እኔ ነኝ፤ እኔም የማለቅስበት የራሴ አለኝ። አሁን መንገዱን እይ።"

ሬኒታም ይህን ፈቃድ እንደ ምሕረት ቆጥራ አራት ዓመት ተደበቀችበት።

ወይዘሮ ኦዜላ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2025 በሰባ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። ወንድማቸውን አቶ አሎንዞ ፔትዌይን፣ ያሳደጓትን ሬኒታንና የሬኒታን ልጅ ዛሪያን ትተው አልፈዋል። ዛሪያ ይህን እንደ እናንተው ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቷ ነው። ተነሥታ ብትወጣ ማንም እንዳያስቆማት፣ እናቷንም እንድታናግር ማንም እንዳይለምናት ሬኒታ ትማጸናለች። የምትለምናት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስትወጣ በአስከሬን ሳጥኑ በኩል እንድታልፍ።

ጌታ የወይዘሮ ኦዜላን ነፍስ በእቅፉ ያሳርፍ። አሜን።