ከውስጥ ብቻ የሚከፈት በር

ውድ መርፌዬ፣

ስልክ አላነሳ ስትዪኝ እንደ ጥንት ሰው ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ቀኝ እጅሽ በጄሶ ታስሯል አሉኝ። የሰበረው ልጄ ነው፣ በእኔው መዶሻ። ከብየዳ ቤቴ ዕቃ ሁሉ አብልጬ የምወደው መዶሻውን ነበር፤ አሁን ማየትም አስጠላኝ።

ያን ቀን ልጄን ተከትዬ ስደርስ የምትሠሪበት ቤተ ሙከራ በር ከማጠፊያው ተነቅሎ ወድቋል። መስታወቱ ከጫማዬ ሥር ይንኮሻኮሻል። አንቺ የበሽተኞቹ ሴሎች ያሉበትን ማቀዝቀዣ በጀርባሽ ከልለሽ ቆመሻል።

"አባቴን የሙከራ ሕክምናው ውስጥ አስገቢው" አለሽ።

"ካስገባሁት እገድለዋለሁ" አልሽው፣ ድምፅሽን እንኳ ከፍ ሳታደርጊ።

መዶሻው ወረደ። ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ሲሰበር ሰምቻለሁ፤ እንደ አጥንትሽ የጮኸ ግን የለም። ሊደግምሽ ሲያነሳ ጀርባው ላይ ተንጠለጠልኩ። ጉልበት ስለሌለኝ ጆሮውን ነከስኩት። የገዛ ልጄ ደም አፌን ሞላው። ማን እንደሆንኩ ሳያይ በክርኑ ፊቴን አደቀቀው፤ ወለሉ ላይ ተዘርሬ ሲያየኝ ነው መዶሻውን የጣለው። ሁለት ጥርስ ቀረህ እያልሽ ታሾፊብኝ አልነበር? አሁን አንድ ሆኗል። ሌላው ጆሮው ውስጥ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ነገሬ ልግባ። ትናንት አለቃሽ ደውሎ፣ አንቺ ሐሳብሽን ስለቀየርሽ በሚቀጥለው ሳምንት ሕክምናው ውስጥ ይግቡ አለኝ። በግራ እጅሽ ፈርመሻል አሉ። ቆሽቴ አረረ። ካንሰሩን ማለቴ አይደለም፤ እሱማ የቆየ ደባሌ ነው።

ነገሩን ያስረዳሽኝ አንቺው ነሽ። ከበሽተኛው ደም ወታደሮቹን፣ በሽታ የሚዋጉትን ሴሎች፣ ታወጣላችሁ፣ የቆሽት ካንሰሩን እንዲለዩ አሠልጥናችሁ ትመልሷቸዋላችሁ። ጉበቱ የደከመ ሰው ላይ ግን ጦርነቱ ቤቱን ራሱን ያቃጥለዋል። "ጋሼ፣ ዓይኑ እንዳንተ ቢጫ የሆነ ሰውዬ እጄ ላይ እየተንዘፈዘፈ ሞተ" አልሽኝ። ታዲያ ያን ሰውዬ የገደለውን ነገር መዶሻ መድኃኒት አደረገው?

ፈርተሽ ይሆናል፣ ወይም አዝነሽልኝ። ጉበቴ ሁለቱንም አይሰማም።

ስለዚህ አልገባም። ለአለቃሽም ቁርጡን ነግሬዋለሁ። ኮሪደሩ ላይ አብራኝ ተራ ስትጠብቅ ስትቀልድብኝ የነበረችውን ልብስ ሰፊ በእኔ ቦታ አስገቧት፤ የእሷ ጉበት ደህና ነው ብለሽኛል። ልጄ ይህን ሲሰማ እንደ ሕፃን አለቀሰ። መሞትህ ነው አለኝ። "መሞቱንስ እሞታለሁ፣ በእሷ እጅ ግን አይሆንም" አልኩት።

ነገ እጁን ለፖሊስ ይሰጣል። አማላጅ አልልክብሽም። ዛሬ ግን ጥበቃችሁን በወሬ ጠምጄ የተሰበረውን በር ብየዳ ቤቴ አስመጣሁ። እሱ ያዘልኝ፣ እኔ በየድኩ። ጆሮው በፋሻ፣ ከንፈሬ በስፌት፣ ጨርሰን ቦታው ላይ መልሰን ገጠምነው።

አዲሱ መቀርቀሪያ ከውስጥ ብቻ ነው የሚከፈተው። መዶሻ ይዞ የሚመጣ ሌላም አይጠፋም። ምናልባት እኔ ራሴ፣ ሕመሙ ሲጠናብኝና ይሄ ጀግንነቴ ሲያልቅ፣ መጥቼ በሩን እየደበደብኩ አስገቢኝ እልሽ ይሆናል።

ድምፄን ብታውቂውም አትክፈቺልኝ።

ባለ አንድ ጥርሱ አጎትሽ