ከሾላው ሥር የተጻፉ ቁጥሮች

መስከረም 19፣ ሰኞ

ዛሬም ማሽላ ለካን። ነገም እንለካለን። ከነገ ወዲያም...

ከመርሳ በጠዋት ወጥቼ ግራና ያለው ማሳችን ስደርስ ሚስባህ ቀድሞኝ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቆሟል። «ሀስና፣ ማሽሎቹ ናፍቀውሻል?» አለኝ። ሳቅሁ። በየጠዋቱ ይህንኑ ነው የሚለው፤ በየጠዋቱ እስቃለሁ። ምን ሆኜ ነው?

ሥራችን ይኸው ነው። እሱ ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆነውን የመለኪያ ዱላ ከማሽላው ጎን ያቆምና ቁጥሩን ይጠራል። እኔ እጽፋለሁ። ከዚያ ጎንበስ ብለን አቀንጭራውን እንቆጥራለን፤ ያን የማሽላ ሥር የሚመጥ አረም። አሥራ ሁለት ዓይነት የሙከራ ማሽላ ነው ያለው፤ ስም ስለሌላቸው አንድ ቁጥር፣ ሁለት ቁጥር እያልን ነው የምንጠራቸው። እያንዳንዱ አራት ቦታ፣ አራት ብሎክ ላይ ተዘርቷል። ከየመደቡ አምስት አምስት ተክል። ስንጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው።

ባዮሎጂ ስመረቅ ነጭ ጋዋን ለብሼ ማይክሮስኮፕ ላይ የማጎነብስ መስሎኝ ነበር። ማጎንበሱስ አልቀረም... አቀንጭራ ላይ ሆነ እንጂ። ሁለት ዓመቴ።

መስከረም 23፣ ዓርብ

አዲስ ጫማ አድርጌ ሄድኩ። ነጭ። ለማሽላ ማሳ።

እህቴ አሲያ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየችኝና «ለየትኛው ማሽላ ነው?» አለች። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ሚስባህ ጫማውን አየና «ይሄማ እሾህ አይችልም» አለ። ቀኑን ሙሉ ይቺን አንድ ነገር ሳገላብጥ ዋልኩ። ለእግሬ አዝኖ ነው? ወይስ ስለ ጫማ ብቻ ነው ያወራው?

መስከረም 30፣ ዓርብ

እማማ ሸዋዬ ዛሬ ጉድ አደረጉኝ። ድርጅታችን ለሙከራው የተከራየው መሬት የእሳቸው ነው። ቀኑን ሙሉ ማማው ላይ ተቀምጠው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃሉ። ሚስባህ ውኃ ሊቀዳ እንደሄደ ከላይ ሆነው፣ «ባልሽ ነው?» አሉኝ።

«ኧረ እማማ፣ የሥራ ጓደኛዬ ነው።»

«እሱስ ያውቃል?»

ምኑን ነው የሚያውቀው? ጓደኛዬ መሆኑን ወይስ ሌላውን? አልጠየቅኳቸውም። ፊቴ ግን ነደደ። የሰባ ዓመት ሴት ከማማ ላይ ያየችውን እሱ አጠገቤ ቆሞ አያይም?

ለምን እንደምወደው ራሴን ጠየቅኩ። «መቶ ስልሳ ሁለት» ሲል ድምፁ ደስ ይለኛል። እስቲ ይሄ ምክንያት ነው?

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ዛሬ ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። ሦስቱን ብሎክ እስከ ቀትር ጨረስን። አራተኛው ከማሳው ጥግ፣ ከደረቁ ወንዝ አፋፍ ላይ ነው። ሚስባህ ዱላውን ከማሳው ዳር ያለ ሾላ ላይ አስደገፈና ጥላው ሥር ተዘረጋ።

«ነይ ቁጭ በይ። ከዚሁ እንለካዋለን።»

«እንዴት አድርገን?»

«ዓይናችንን ጨፍነን።»

ዓይኑን ጨፈነ። «አንድ ቁጥር... መቶ ስልሳ አምስት። መቶ ሰባ። መቶ ስልሳ...» ጻፍኩ። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። ከዚያ ቀልዱ የት ላይ እንዳለቀ አላወቅኩም። «አቀንጭራስ?» ስለው «ዜሮ። ሾላ ሥር አቀንጭራ አይበቅልም» አለ። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ስልሳውን ቁጥር በአሥር ደቂቃ ሞላነው።

ከዚያ ዘይቱን አውጥቶ ግማሹን ሰጠኝ። አባቱ ወልድያ ካለው አጎቱ ሱቅ እንዲገባ እንደሚወተውቱት፣ እሱ ግን ሱቅ ውስጥ ቁጭ ማለት እንደሚያፍነው ነገረኝ። እንዲህ አውርቶኝ አያውቅም። ከተቀጠርኩ ጀምሮ እንደ ዛሬ ደስ ብሎኝ ውዬ አላውቅም።

ፎርሙ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። መዝጋቢ፦ ሀስና።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ዘይቱን አስቀርቼ ነበር። ፈርጦ ያልተሞሉትን ፎርሞች ሁሉ አበላሸው። የራሴ ጅልነት።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

አስተባባሪያችን አቶ ጌትነት ከወልድያ መጡ። ወረቀቱን ፒካፑ ላይ ዘርግተው አንድ በአንድ አዩት።

«ሰባት ቁጥር ጎበዝ ናት። አራተኛው ብሎክ ላይ እንኳ አቀንጭራ አልነካትም?»

«አልነካትም» አለ ሚስባህ። እኔ እስክሪብቶዬን አየሁ።

«እዚህ ገጽ ላይ ቁጥሩ ሁሉ በዜሮና በአምስት ነው የሚያልቀው። የዱላው ትንንሽ መስመር ጠፍቷል እንዴ?»

«ላብ አጥፍቶት ነው» አለ። ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

እንዲህ ከቀጠለች ለገበሬው የምትባዛው ሰባት ቁጥር ናት አሉ። ጽሑፌ እንደሚያምርም ነገሩኝ። ምነው ባላሉኝ...

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

እማማ ሸዋዬ ከማማው ወርደው ጠሩኝ። «ሰባት ቁጥርን ነው አሉ የምትሰጡን። እውነት ነው?»

«እየታየ ነው እማማ።»

«ያንን ጥጉንስ አይታችሁታል? የአቀንጭራው አበባ ወጥቶ ሐምራዊ ምንጣፍ መስሏል። መሬቴ ድሮም እዚያ ጋ አቀንጭራ አያጣውም። ሰባት ቁጥርን እዚያ ብዘራት ትችለዋለች ወይ? አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ንገሪኝ።»

«እስቲ አይቼ እነግርዎታለሁ» ብዬ ወደ ጥጉ ሄድኩ። ሾላው ሥር ከተቀመጥን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሰባት ቁጥር ወገቤ ላይ አትደርስም። ቅጠሏ ተጠብሷል። እኛ መቶ ሰባ ብለናታል። አቀንጭራ ዜሮ።

እሳቸው የሚዘሩት መሬት ያችው ናት። ሌላ የላቸውም።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ለሚስባህ ነገርኩት።

«ማን ያነበዋል ብለሽ ነው? ፋይል ውስጥ ነው የሚቀረው።»

«እማማ ሸዋዬ ይዘሩታል።»

ዱላውን ከትከሻው አወረደ። ከዚያ፣ «ኮንትራታችን ታኅሣሥ ላይ ያልቃል። አሁን ሄደን ዋሽተናል ብንል የሚያድሱልን ይመስልሻል?» አለኝ። እኔም የምፈራው እሱኑ ነው። በመጨረሻ «እሺ፣ ቅዳሜ ሁለታችን መጥተን እንለካዋለን። ወላሂ» አለ።

የማፍርበትን ልጻፈው፣ ማን ያየዋል... ከጥፋታችን ይልቅ ያሰብኩት ቅዳሜ ብቻችንን መሆናችንን ነው። ምን ልልበስ አልኩ። በዚህ መሐል ምን ልልበስ?

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

እስከ ሦስት ሰዓት ጠበቅኩት። ስልኩ አይነሳም። ከዚያ መልእክት ገባ፦ «ወልድያ ነኝ፣ ጉዳይ ገጠመኝ። ሰኞ እናወራለን።»

ተመልሼ ልሄድ ነበር። ዱላውን ብቻዬን ማቆም፣ ማንበብ፣ መጻፍ... ሁለት እጅ አይበቃም። እማማ ሸዋዬ ከማማው ወረዱ።

«ወንዱስ?»

«አልመጣም።»

«እኔ አለሁ። ምን ልያዝ?»

እውነቱን ነገርኳቸው። ሾላው ሥር ተቀምጠን እንደጻፍነው፣ አንድም ሳናይ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «አሁን ግን እናይ የለ» ብለው ዱላውን ተቀበሉኝ።

ከሚስባህ ይበልጥ ቀጥ አድርገው ነው የሚይዙት። «አልተጋደመም?» ይሉኛል በየተክሉ። ሰባት ቁጥር፦ ሰባ አንድ፣ ሰማንያ አራት፣ ስልሳ ስድስት... አቀንጭራውን እሳቸው ቆጠሩ፤ አሥር በሞላ ቁጥር አንድ ጠጠር ቀሚሳቸው ውስጥ ይጥላሉ። ሰባት ቁጥር ላይ አራት ጠጠርና ሦስት፤ አርባ ሦስት መሆኑ ነው። አራት ቁጥር ግን እዚያው አቀንጭራ መሐል መቶ ሃምሳ ስምንት ቆማለች። ማንም አላየላትም ነበር።

ስንጨርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። እጄ በማሽላ ቅጠል ተቧጭሯል። ቆሎ ሰጡኝ፤ ማማው ሥር ተቀምጠን በላን። ሚስባህን እያሰብኩ አልነበረም። ባጃጅ ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው የገባኝ።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ሰኞ ለሚስባህ፣ «ሐሙስ አዲሱን ወረቀት እሰጣለሁ። የምናገረው የራሴን ነው» ብዬው ነበር። «እንደፈለግሽ» አለኝ። ቅዳሜ የት እንደነበረ አልጠየቅኩትም፤ አልነገረኝም።

አቶ ጌትነት ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያዙ። ጣታቸው ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ተመላለሰ።

«የመጀመሪያውን ከየት አመጣሽው?»

«ከጭንቅላት ነው የጻፍኩት። ማሳው ውስጥ አልገባሁም።»

«ዱላውን ማን ይዞት ነበር?»

«ማንም። ሾላው ላይ ተደግፎ ነበር።»

ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም፤ ግን አልሳቁም። ከኋላዬ ሚስባህ «ቁጥሩን የጠራሁት እኔ ነኝ» አለ። ዞሬ አላየሁትም። ድምፁ ግን ያ ድምፅ አልነበረም፤ የፈራ ሰው ድምፅ ነበር። አዘንኩለት።

«ባዶውን ብትተዉት ምን እላችሁ ነበር?» አሉን። «ነገ ጨርሱት እል ነበር። አለቀ።»

ለሁለታችንም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ኮንትራቱን በተመለከተ ቃል አልገባም አሉ።

ቤት ስገባ ለአሲያ ሁሉንም ነገርኳት። ዘይቱኑን ጭምር። መርፌዋን አስቀምጣ ነው የሰማችኝ።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ሚስባህ ከቁጥር በቀር አያናግረኝም። ቁጥሩ ግን ትክክል ነው፤ እያየሁት ነው።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

አጨዳ ተጀመረ። አቶ ጌትነት ላፕቶፓቸውን ከፍተው የዘሮቹን ደረጃ በሥዕል አሳዩኝ፤ ሰባት ቁጥር ከላይ ወደ ታች ወርዳለች። ሥዕሉን ሳይ አንድ ነገር ከአፌ ወጣ።

«ይሄን እንዴት እንደሚሠሩት ያሳዩኛል?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ወረቀት ስታቀብዪኝ አንድ ቀን ጠይቀሽ አታውቂም።»

እውነታቸውን ነው። ሥራው ሰልችቶኛል እያልኩ ስማረር፣ ቁጥሩ ከእጄ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚሆን ጠይቄ አላውቅም። ዓይኔ ሌላ ቦታ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ወልድያ ቢሮ ነይ አሉኝ።

ለእማማ ሸዋዬም መልሳቸውን ሰጠሁ። «ሰባት ቁጥርን እዚያ ጥግ አይዝሩ። አራት ቁጥርን ደግሞ ገና አናውቃትም፤ ሌላ ዓመት መታየት አለባት።»

«አላውቅም የሚል የተማረ ሰው ዛሬ አየሁ» አሉ። ምርቃት ነው መሰለኝ። ተቀበልኩት።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

ሚስባህ ቤት መጣ። ብርቱካን ይዞ። ኮንትራቱ ሳያልቅ ለቅቋል፤ በመጨረሻ አጎቱ ሱቅ ሊገባ ነው። ያኔ ቅዳሜም የሄደው ለዚሁ እንደነበር ነገረኝ። «ላወራሽ አፍሬ ነው» አለ። ሰላም ወረደ። ስለ እማማ ሸዋዬ ጠጠር ነግሬው ሳቅን።

ሊወጣ ሲል በር ላይ ቆመ።

«ሐሙስ ሐሙስ ወልድያ ትመጫለሽ አሉ። ሻይ እንጠጣለን?» ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ «እኔ... ቀድሜ ልጠይቅሽ ይገባ ነበር» አለ።

ይቺን ቃል ስንት ጠዋት ጠብቄያታለሁ። መጣች። እና ምን ተሰማኝ? ደስ የሚል ነገር፤ ልክ የልጅነት ፎቶ ሲያሳዩኝ እንደሚሰማኝ።

«እንጠጣለን። ሻይ ብቻ ግን ነው ሚስባህ።»

ፈገግ አለ። «ሻይ ብቻ። እሺ።» ሄደ።

አለቅሳለሁ ብዬ ነበር። ራበኝ። ብርቱካኑን ልጬ ከአሲያ ጋር በላን።

«ምን አለሽ?»

«ሻይ እንጠጣ አለኝ።»

«አንቺስ?»

«እሺ አልኩት። ሻይ ብቻ።»

ፊቴን ስታጠና ቆየች። «ምነው?» አልኳት።

«ፊትሽ ላይ ምንም የለም። እሱ ነው የገረመኝ» አለች።

ጥር 17፣ እሑድ

ኮንትራቱ ለስድስት ወር ታደሰ። ማስጠንቀቂያው ፋይሌ ውስጥ አለ፤ እዚያው ይሁን። አልሐምዱሊላህ።

የማጎነብሰው እንደ ድሮው ነው። አዲስ የተቀጠረችው ነኢማ ትናንት «አይሰለችም?» አለችኝ። «ይሰለቻል» አልኳት። ደነገጠች። የቀረውን ራሷ ትድረስበት።

ማሽላው አልፎ አሁን የመስኖ ማሾ ነው፤ ያ ደቃቅ አረንጓዴ ጥራጥሬ። የማሳውን ካርታ ሐሙስ ዕለት ወልድያ ቢሮ ተቀምጬ እኔ ነኝ የሳልኩት፤ የቱ ዘር የት እንደሚሆን፣ መደቡ ስንት እርምጃ እንደሚሰፋ። አቶ ጌትነት ሁለቴ አዩትና «ይሁን» አሉ። እርማት እጠብቅ ነበር፤ «ይሁን» ሲሉኝ ይበልጥ ፈራሁ።

ከአሲያ የጨርቅ ምልክት ማድረጊያ ጠመኔ ሁለት ሰርቄያለሁ፤ ችካሎቹ ላይ ቁጥር ለመጻፍ። ነገ እንዘራለን። አንደኛውን መደብ ውኃው ከሚገባበት ከቦዩ አፍ አድርጌዋለሁ። ተሳስቼ ከሆነ ሚያዝያ ላይ ማሾው ሲደርስ ይታያል።