ክንድሽ እንዴት አደረ?

ውድ ዝማሬ፣

አክስትሽ እትዬ በዛብሽ ትናንት ጨለለቂ ሰፈር ቤታቸው ድረስ አስጠርተውኝ ደብዳቤሽን ሰጡኝ። አራት መስመር ናት። «ቲቸር፣ እግዜር ይመስገን ክንዴ ደህና ነው፣ አያስቡ» ትላለች። ደጋግሜ አነበብኳት። አላመንኩሽም። ለምን እንዳላመንኩሽ እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ግን የራሴን ልናዘዝ።

ሜዳ የመጣሽበት ቀን ትዝ ይልሻል? ከኪራሙ ተፈናቅላችሁ ነቀምቴ ከገባችሁ ወር አልሞላም ነበር። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ የሁለት ሳምንት ሥልጠና ወስጄ፣ ሦስት የሶፍትቦል ኳስና አራት ጓንት ተሸክሜ ተመልሼ፣ የከተማውን ሴት ልጆች በሙሉ ወርዋሪ ላደርግ የቋመጥኩበት ሰሞን ነው። ፌኔት ኳሱን መሬት ለመሬት ስታንከባልለው፣ ሲና የራሷን ጉልበት ስትመታበት፣ አንቺ ክንድሽን አንዴ አዙረሽ ለቀቅሽው። የቆርቆሮው አጥር ሲጮህ ጥበቃው ጋሽ ባቻ ዱላቸውን ይዘው ብቅ አሉ። «ማን አስተማረሽ?» አልኩሽ። «ማንም፤ ማማ ላይ ሆኜ በወንጭፍ ዝንጀሮ ሳባርር ነው» አልሽኝ፣ አንገትሽን ደፍተሽ።

በሥልጠናው አጥብቀው የነገሩን አንድ ነገር ነበር። ክንድ በጆሮ አጠገብ ሙሉ ዙር ዞሮ ዳሌ ጋ ሲደርስ ኳሱን ይለቃል፤ ጉልበቱ ግን ከእግር ነው የሚመጣው። እግር ካልገፋ ሸክሙ በሙሉ ትከሻ ላይ ይወድቃል። አንቺ በወንጭፉ ልማድ በትከሻሽ ብቻ ነበር የምትወረውሪው። ለፌኔትና ለሲና «እግር! እግር!» ስል ድምፄ እስኪዘጋ እጮህ ነበር። አንቺን አንድም ቀን አላረምኩሽም። ኳስሽን በዱላ የሚመታ አልነበረማ! የጊምቢን ልጆች አሸንፈን አዲስ አበባ ስንገባ ይታየኝ ነበር። ባርማት ፍጥነቷ ይቀንሳል ብዬ ሳሳሁ።

ደግሞ በየጠዋቱ እጠይቅሽ ነበር። «አካም ቡልቴ ዝማሬ? ክንድሽ እንዴት አደረ?» እልሻለሁ። «እግዜር ይመስገን ቲቸር።» በቃ። እኛ አገር የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሰውም ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ እንደሆነ ጠፍቶኝ ነው? አልጠፋኝም። ምስጋናሽን የጤና ወረቀት አድርጌ ተቀበልኩት፤ ስለሚስማማኝ።

ከጊምቢው ጨዋታ በፊት ባለው ሐሙስ ፌኔት ወደ ጎን ሳበችኝ። «ቲቸር፣ ሀርካቱ ኢሺ ዱኩባ። እጇን ያማታል፣ ለእርስዎ አትናገርም እንጂ።»

«ራሷን ጠይቄያታለሁ፣ ደህና ነኝ ብላለች» አልኳት።

«ለእርስዎማ ምን ትበል?» አለችኝ። ተቆጣኋት።

ያን ዕለት ማታ ላይ በቦኖው በኩል ሳልፍ አየሁሽ። ጄሪካኑን በግራ እጅሽ ይዘሽ፣ ቀኝሽን ሆድሽ ላይ አጥፈሽ ትሄጂ ነበር። አየሁሽ ዝማሬ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ መንገድ ቀየርኩ። ቅዳሜ አንደኛ ወርዋሪ አድርጌ አሰለፍኩሽ።

ሦስተኛው ዙር ላይ ክንድሽ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቀረ። ኳሱ እግርሽ ሥር ወደቀ። አላለቀስሽም። ጎንበስ ብለሽ በግራሽ አነሳሽውና ይዘሽልኝ መጣሽ። «ይቅርታ ቲቸር» አልሽኝ። አንቺ እኔን ይቅርታ! ሐኪሙ የትከሻዋ ጅማት ተበጥሷል ሲል ከጎንሽ ቆሜ ነበር፤ ያኔ እንኳ «አየሁሽ» ለማለት አፌን አልከፈትኩም። ወር ሳይሞላ እናትሽ ደብረ ማርቆስ አጎትሽ ቤት ይዘውሽ ሄዱ፣ እኔም ነገሩን በሆዴ ይዤ ቀረሁ። እናትሽ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይሉ የለ? የኔ ዝምታ ግን አንቺን ነው የጎዳው።

አሁን ለምን እንዳላመንኩሽ ልንገርሽ። የጨዋታ ውጤታችንን በሰሌዳ የምትጽፊልን አንቺ ነበርሽ፤ ፊደልሽን አውቀዋለሁ፣ ክብና ቀጥ ያለ ነው። የዚህ ደብዳቤ ፊደል አንደኛ ክፍል እንደገባ ልጅ ጽሕፈት ይንቀጠቀጣል፣ መስመሩን ለቆ ወደ ታች ይወርዳል። «ክንዴ ደህና ነው» የሚለውን በግራ እጅሽ ነው የጻፍሽው።

ኳሶቹን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ። ሲና በየቀኑ ትለምነኛለች፤ አንቺን ሳላይ አልከፍትም ብያታለሁ። ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ በግጭቱ የተዘጋው የቡሬ መንገድ ባይከፈት እንኳ በአዲስ አበባ ዞሬ እመጣለሁ። የአጥንት ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን፤ እናትሽም ባሉበት ያየሁትን እናገራለሁ።

በር ላይ ቆሜ «ክንድሽ እንዴት አደረ?» እልሻለሁ። ያን ጊዜ እግዜርን ማመስገኑን ለእኔ ተዪልኝና አንቺ የሚያምሽን ንገሪኝ።

ያየሁሽ
ቲቸርሽ ድርቤ
ነቀምቴ