ስልኬ በጮኸ ቁጥር ካፖርታቸውን ስለሚለብሱት አባቴ

ለመሥሪያ ቤታችን የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ቁጥር፦ አልተሰጠውም (ቁጥር የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ዛሬ ግን ደክሞኛል)
ጉዳዩ፦ የሥራ ኢሜይል ከአዲሱ ስልኬ ጋር በመመሳሰሉ የተሰማኝን ምስጋና ስለመግለጽ
አባሪ፦ አንድ የግራ እግር ሸበጥ

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ረጅም ስብሰባ ላይ የሚያስቸግርዎት ወገብዎ ሁሉ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እናትና አባትዎ በሕይወት ካሉ ዕድሜያቸውን ያርዝምልዎ፤ ሲቀመጡ ተረጋግተው የሚቀመጡ፣ ሲተኙም ተኝተው የሚያድሩ ያድርግልዎ። ይህን ምኞት ለወጉ ያህል የጻፍኩት እንዳይመስልዎት፤ ከታች እንደሚያነቡት በደንብ አስቤበት ነው።

እኔ ከደረጃው ሥር ያለው የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ በሬን አልፈው ወደ ላይ ስለሚወጡ፣ እኔን ባያውቁኝም አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን የመነጽር ገመድ ሳያዩት አልቀሩም። በዚህ የውሃ መሥሪያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት የፈነዳ ቧንቧና ያበደ ቆጣሪ አቤቱታ ስቀበል፣ ማኅተም ስመታ፣ በአረንጓዴው የገቢ መዝገብ ላይ ስጽፍ ኖሬአለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ደብዳቤ እንኳ ጠፍቶብኝ አያውቅም። የጠፉብኝ ቢኖሩ ሰማንያ አንድ ዓመት የሞላቸው አባቴ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጠፉት ያለ ክፍልዎ እገዛ አይደለምና ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ተነሣሁ።

አንደኛ፣ ስለ ስልኩ አመሰግናለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለችኝን ባለ ቁልፍ ስልኬን አስረክቤ ይህን መስታወት የሚያክል አዲስ ስልክ ስረከብ፣ ከሥራ ኢሜይል ጋር ለማመሳሰል አምስት ደቂቃ ይበቃል የሚል ወረቀት አብሮ ተሰጥቶኝ ነበር። እውነት ነው፤ አምስቱ ደቂቃ በአራት ቀን ውስጥ አለቀ። በመጀመሪያው ቀን የይለፍ ቃሌ አጭር ነው ተባልኩ፤ በሁለተኛው ቀን ረዘመ፣ ቁጥር ግን የለውም ተባለ፤ በሦስተኛው ቁጥር ቢጨመርለትም ለመገመት ይቀላል ተባለ፤ እኔ ራሴ እስካሁን ገምቼው አላውቅም። በአራተኛው ቀን ስልኩ እኔ እኔ መሆኔን ተጠራጥሮ ማረጋገጫ ወደ ኢሜይሌ ላከ፤ ኢሜይሉ ደግሞ ስልኩ ካልፈቀደ አልከፈትም አለ። ሁለቱ እኔን መሐል አስቀምጠው እየተግደረደሩ ዋሉ። በመጨረሻ ቢሮው ሁሉ «አጥፍተሽ አብሪው» እያለ የሚጠራት ባለሙያዎ መጣች፤ አጠፋችው፣ አበራችው፣ ሠራ። እሷን በግሌ አመሰግናለሁ፤ ቢያንስ ፊት ያላት ሰው ናት።

ሁለተኛ፣ ስለ ድምፁ አመሰግናለሁ። የሥራ ኢሜይል ሲገባ የሚሰማውን ድምፅ ክፍልዎ ራሱ መርጦ፣ ማንም ሠራተኛ እንዳይቀይረው፣ እንዳይቀንሰው፣ እንዳያጠፋው አድርጎ ከስልኩ ጋር ቆልፎ ሰጥቶናል። በዕረፍት ቀንም ቢሆን በሩብ ሰዓት ውስጥ መልስ እንድንሰጥ ስለምንገደድ፣ አልሰማሁም የሚል ሰበብ እንዳይኖር መሆኑ ገብቶኛል። የመረጡት ድምፅ የትምህርት ቤት ደወል ነው። ካን፣ ካን፣ ካን ይላል። ጥርት ያለ፣ ኩልል ያለ፣ እንከን የሌለው ደወል ነው፤ የመረጠው ሰው ጆሮ አለው።

አባቴ ሠላሳ አራት ዓመት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ። የመውጫው ደወል ሲደወል ካፖርታቸውን ለብሰው የብረቱን በር በሁለት እጃቸው ይከፍቱና ዋናው መንገድ መሐል ገብተው፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ የመጨረሻዋ ልጅ እስክትሻገር ድረስ መኪና ያስቆሙ ነበር። በሠላሳ አራት ዓመት አንድም ልጅ አልተጫረባቸውም። በሕይወታቸው አፋቸውን ሞልተው የተናገሩት ኩራት ይኸው ብቻ ነው። ዛሬ ብዙ ነገር ረስተዋል፤ እኔን በአክስቴ ስም ይጠሩኛል፣ ነርሷን ታናሽ እህቴን «አንቺ ልጅ፣ የማን ነሽ?» ይሏታል፣ ምሳ ከበሉ በኋላ ምሳ ይጠይቃሉ። ደወሉን ግን አልረሱም። ሾርባው ቀርቧል ብዬ ጆሯቸው ሥር ሦስት ጊዜ ስጮህ የማይሰሙኝ ሰው፣ ስልኩ ቁም ሣጥን ውስጥ በሦስት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሲደውል ይሰማሉ። ወዲያው ይነሣሉ፤ ካፖርታቸውን ይለብሳሉ፤ ልጆቹ ወጡ ይሉና ወደ በር ይሄዳሉ። እኔም እከተላለሁ፣ እመልሳለሁ፣ ካፖርቱን አወልቃለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ከዚያ የቢሮው ወጥ ቤት ማንቆርቆሪያ እንዳይነካ የሚያሳስብ ኢሜይል ይመጣል።

ሦስተኛ፣ እዚህ ላይ አንድ ጥፋቴን መናዘዝ አለብኝ፤ ሁሉንም በእርስዎ ላይ መቆለሉ አግባብ አይደለም። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት «ማንኛውም ደብዳቤ የደረሰው ሠራተኛ መድረሱን በጽሑፍ ያረጋግጣል» የሚለውን የመዝገብ ቤት ደንብ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ያኔ ነገሩ መረከቢያ ደብተር ላይ ከመፈረም አያልፍም ነበር፤ ደብዳቤ እንዳይጠፋ ብዬ ነው ያረቀቅሁት፣ ደስም ብሎኝ ነበር። የእርስዎ ክፍል ይህንኑ ደንብ አንዲት ፊደል ሳይነካ ኢሜይል ላይ አዋለው። ስለዚህ አንድ ኢሜይል ለሁላችን ሲላክ ስልክ የተሰጠን ሃምሳ ስምንት ሰዎች እያንዳንዳችን ለሁሉም «ደርሶኛል» ብለን እንመልሳለን። ስለ አንዲት ማንቆርቆሪያ ሃምሳ ስምንት ጊዜ ይደወላል፤ አባቴም ሃምሳ ስምንት ጊዜ ይነሣሉ። ጉልበታቸው የኔን ያስንቃል።

አራተኛ፣ ስለ ፈጣን ምላሽዎ አመሰግናለሁ። ድምፁ በእኔ ስልክ ላይ ብቻ እንዲቀየርልኝ፣ ምክንያቱን ሳልደብቅ፣ በትሕትና አመለከትኩ። በሦስት ሴኮንድ ውስጥ ጥያቄዎ ደርሶናል የሚል ኢሜይል ገባ፤ አባቴ ተነሡ። በማግስቱ ጥያቄዎ እየታየ ነው የሚል ገባ፤ ተነሡ። በሳምንቱ ለደኅንነት ሲባል ድምፁ እንደማይቀየር፣ በድምፁ የሚረበሽ የቤተሰብ አባል ካለም ከመሣሪያው እንዲርቅ የሚመክር መልስ ገባ፤ ያን ጊዜም ተነሡ። ከሁሉም በኋላ በአገልግሎቱ ምን ያህል እንደረካሁ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ እንድሰጥ የሚጠይቅ መጣ። አንድ እጄ የአባቴን ካፖርት ይዞ ስለነበር በሌላው ስነካካ አምስት ሰጠሁ መሰለኝ። ይበሉበት።

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ይህኛውን ግን ቁጥር ልሰጠው እጄ እምቢ አለኝ።

ያን ቅዳሜ እህቴ ሆስፒታል ተረኛ ነበረች። እኔ ጓሮ አንሶላ አጥባለሁ፤ ስልኩ መኝታ ቤት ነው። በዚያ ሰዓት የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ የወረቀት መደርደሪያው ቁልፍ እንደጠፋበት፣ ያገኘ ካለ እንዲመልስለት ለሁላችን ጻፈ። ሃምሳ ስምንቱም ቁልፉን አላየንም፤ መልእክቱ ግን ደርሶናል። ወደ ቤት ስገባ ስልኩ ገና እየደወለ ነበር፤ ካፖርቱ መስቀያው ላይ የለም፤ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሲያልፉ አይቷቸው ሰላም ቢላቸው፣ «አትያዘኝ ልጄ፣ ተደውሏል» ብለውት ወደ ላይ እንደሄዱ ነገረኝ። እጄ ላይ ያለው የሳሙና አረፋ ሳይደርቅ ሮጥኩ። ትምህርት ቤቱ ከቤታችን የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ አንድ ሸበጥ ወድቆ አገኘሁ። እሱ ነው በአባሪነት የቀረበው፤ ላዩ ላይ ያለውን የጎማ ምልክት ልብ ይሏል። እግሩ ውስጡ እንዳልነበረ አሁን አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን አላውቅም ነበር። አንሥቼው ሩጫዬን ቀጠልኩ።

አባቴ በሕይወት ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት፣ መንገዱ መሐል፣ በሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው፣ አንድ እግራቸው ባዶ፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ቆመዋል። ከወዲያ አንድ የጭነት መኪና፣ ከወዲህ ሁለት አውቶቡሶች ቆመዋል፤ አንድም ሹፌር ጥሩምባ አልነፋም። ከጎናቸው የዛሬው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ግዙፍ ሰውዬ፣ እሱም እጁን አንሥቶ ቆሟል። ኋላ እንደነገረኝ ሊጎትታቸው ሞክሮ ነበር፤ ልጆቹ ሳያልፉ ወዴት ነው የምትወስደኝ ብለው ቢቆጡት፣ ከመታገል አብሮ ማስቆም ይሻላል ብሎ ነው። ቀኑ ቅዳሜ ነው። በሩ ተቆልፏል፤ የሚያልፍ ልጅ አልነበረም።

እኔ የዚያ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርኩ። አባቴን ለመጠበቅ ስል ሁልጊዜ የመጨረሻዋ የምወጣው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ በሃምሳ ሦስት ዓመቴ፣ ሸበጡን ብብቴ ሥር ይዤ፣ ከተቆለፈው በር ተነሥቼ በፊታቸው ተሻገርኩ። አዩኝ። ከኋላዬ ሌላ ልጅ እንደሌለ ወደ በሩ ዞር ብለው አረጋገጡና እጃቸውን አወረዱ። መኪኖቹም ሄዱ።

ቤት ስንደርስ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ቁልፉ ከገዛ ኪሱ መገኘቱን አብሥሮ ነበር፤ ሃምሳ ስምንት እንኳን ደስ ያለህም ተከትሎት ነበር። ከክፍልዎ ደግሞ በሩብ ሰዓት ውስጥ ባለመመለሴ ማብራሪያ እንድሰጥ የሚጠይቅ ገብቷል። ማብራሪያው ይኸው ነው።

ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ስልኩን ወደ ቤት አልወሰድኩትም። ከማኅተሞቹ ጋር በመዝገብ ቤቱ የብረት ሣጥን ተቆልፎበት ያድራል። ሦስት ሳምንት ሆነው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንደተላከልኝ ሰው ነግሮኛል፤ ሆኖም የተላከው በተቆለፈው ስልክ በመሆኑ መድረሱን አላረጋገጥኩም፤ ካላረጋገጥኩ ደግሞ በራሴ ደንብ መሠረት አልደረሰኝም። ደክሞኛል፣ የተከበሩ ኃላፊ። ሥራው አይደለም ያደከመኝ፤ ሥራውን ሃያ ስድስት ዓመት ችዬዋለሁ። ያደከመኝ የማንንም ቧንቧ ለማይጠግን ወሬ ስል አባቴን ከመንገድ ላይ መልቀሜ ነው። ስለዚህ ወይ ድምፁ ይቀየርልኝ፣ ወይ ባለ ቁልፏ ስልኬ ትመለስልኝ፤ «ደርሶኛል» የሚለውንም ደንብ ያረቀቅሁት እኔ ራሴ እንዲሰረዝ አመለክታለሁ።

ክፍልዎ እኛን ለማንቃት ለሚያሳየው የማያንቀላፋ ትጋት ያለኝን ጥልቅ አድናቆት እየገለጽኩ፣ ለእርስዎም ድምፅ የሌለው የተባረከ የዕረፍት ቀን እየተመኘሁ፣ ሁልጊዜ በታዛዥነት፣ አንዳንዴም በሩጫ የማገለግልዎ፣

የመዝገብ ቤት ኃላፊ፣
የዘበኛው ታላቅ ልጅ

ግልባጭ፦
— ለዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ (ሌላ ጊዜ መጀመሪያ ኪስዎን)
— ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ (እጁን ስላነሣ፣ ከልብ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ማኅተም ልመታበት ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝና ሳልወድ ቃሌን ላጥፍ ነው። ስልኩ ወደ ቤት መምጣት ካቆመ ወዲህ አባቴ በየምሽቱ ካፖርታቸውን ለብሰው የወንበር ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። እራት አይበሉም። ዛሬም አልተደወለም እንዴ፣ ልጆቹ እስካሁን ክፍል ናቸው ማለት ነው ይሉኛል። ድስት በማንኪያ መትቼላቸው ነበር፤ ይሄ ድስት ነው አሉኝ። ምሽት ላይ እንዲደርሰኝ አድርጌ ከቢሮ ኮምፒውተር ለራሴ ኢሜይል ልልክም ሞከርኩ፤ ሥርዓታችሁ ላኪና ተቀባይ አንድ ሰው ሊሆኑ አይችሉም ብሎ መለሰው። ስለዚህ ከላይ የጠየቅሁትን ሁሉ ሳልሰርዝ አንድ ልመና እጨምራለሁ፤ በየቀኑ ልክ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ስልኩን ቤት ይዤ ስጠብቅ፣ ከክፍልዎ አንድ ኢሜይል በዚያው ደወል ይላክልኝ። አንድ ብቻ፣ ሃምሳ ስምንት አይሁን። የሚጻፍ ነገር ካጣችሁ «ደርሶኛል» ብላችሁ ላኩት። በሩብ ሰዓት ውስጥ ግን መልስ አትጠብቁ፤ በዚያ ሰዓት አባቴ በር ላይ እጃቸውን ያነሣሉ፣ እኔም የመጨረሻዋ ሆኜ እሻገራለሁ።