እማዬ እፍ ያለችበት ክንድ

ኹጃንድ፣ ሐምሌ 19 ቀን

ለምወድህ ወንድሜ ለኢልሆም፣

እንደምን ከርመሃል? የሳይቤሪያ ትንኝ ድንቢጥ ያክላል ያልከኝን ለሰፈሩ ሁሉ አውርቼ፣ ልጆቹ አሁን «አጎት ኢልሆምን ትንኝ ይዞት በረረ» እያሉ ይስቃሉ። ሳቃቸው ደጃችንን ትንሽ ያሞቅልናልና አልከለከልኳቸውም።

በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ መጻፌ ግር እንደሚልህ አውቃለሁ። ነገር ግን ስልኩ ሲጠራ ከሁላችን ቀድማ የምታነሳው እማዬ ናት። ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ከዚያ ወዲያ እኔም ሆንኩ ሳርቪኖዝ የምንልህ «ደህና ነን፣ ልጅቷ እየተሻላት ነው» ብቻ ነው። ሳርቪኖዝን፣ ሚስቴ ቀዘቀዘችብኝ ብለህ እንዳትቀየማት፤ የምትለው ሳይሆን የምትልበት ቦታ ነው ያጣችው። ይህን ደብዳቤ የጎረቤታችን ልጅ ሹሕራት ወደ እናንተ ሲሻገር ያደርስልሃል። አንብበህ ስትጨርስ፣ አደራ፣ ስለዚህ ነገር በስልክ ትንፍሽ እንዳትል።

አፕሪኮቱን ጣሪያ ላይ ማስጣት እንደጀመርን ልጅህን አኒሳን ትኩሳት ያዛት። መጀመሪያ ፀሐይ ነው አልን፤ ጎረቤት ሁሉ የየራሱን መድኃኒት አዘዘ፣ አንዷማ የበግ ላት በደረቷ ላይ እሰሩላት ብላን ልጅቷ እንደ ወጥ ቤት ሸተተች። ትኩሳቱ እንቢ ሲል ይዘናት ወደ ኹጃንድ ሆስፒታል መጣን። ልቧ ላይ ያለችውን ቀዳዳ እያሰብክ እንደምትደነግጥ አውቃለሁ፤ እኛም የደነገጥነው በዚያው ነው። በመኸር ዱሻንቤ የሚመጡት ሐኪሞች ቀዳዳዋን ሊደፍኑላት ስሟን ይዘውላታል፤ ደሟ ውስጥ ጀርም ያለባትን ልጅ ግን አይቀበሉም።

ዶክተር ኑስራቶቭ፣ እኚያ ሲስቁ ሆዳቸው ቀድሞ የሚስቀው፣ ካልቸር ይወሰድ አሉ። ደሟን ጠርሙስ ውስጥ ጨምረው፣ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጠው፣ ጀርም ይበቅል እንደሆነ የሚጠብቁበት ነገር ነው። ነርሷ ዜቦ ትባላለች፤ ገና ወጣት ናት፣ እጇ ግን የዋዛ አይደለም። የአኒሳን ደም ስር ስትፈልግ ብዙ ደከመች፤ በመጨረሻ በግራ ክንዷ አንዲት ቀጭን አገኘች። ቦታውን በአልኮል ደጋግማ ጠረገችና «እስኪደርቅ ማንም እንዳይነካው» ብላ መርፌዋን ልታነሳ ዞር አለች።

እማዬን ታውቃት የለ? ፓስፖርትህ ላይ እፍ ያለች ሴት ናት። የተሳፈርክበት አውቶቡስ ጎማ ላይ እንኳ እፍ ብላ ሹፌሩን «እናቴ፣ ነፋስ የጎደለው መሰለዎት?» ያሰኘች። ዜቦ ዞር ባለችበት ቅጽበት እማዬ ጎንበስ አለች፤ ጸሎቷን አነበነበችና በተጠረገው ክንድ ላይ ኩፍ-ሱፍ የምትለውን ምርቃቷን ሦስቴ እፍ፣ እንትፍ እንትፍ አለችበት። ከዚያም በረከቱ እንዲሰርጽ ቦታውን በመዳፏ ዳበሰችው። በዚያው እጇ ገና አሁን ዳቦ ቆርሳ ለልጅቷ አጉርሳ ነበር። እኔና ሳርቪኖዝ ተያይተን ሳቃችንን አፈንን። እማዬ ናታ! ዜቦ መርፌዋን ይዛ ተመለሰች፤ ምንም አላየችም፤ ወጋቻት።

ጠርሙሱ ውስጥ ጀርም በቀለ።

ዶክተሩ ሲነግሩን ሆዳቸው አልሳቀም። «ይህ ቆዳ ላይ የሚኖር ጀርም ነው» አሉ። «መርፌው ከቆዳዋ ይዞት ገብቶ ሊሆን ይችላል። ልቧ ውስጥ ሰፍሮም ሊሆን ይችላል። ሌላ ልጅ ብትሆን ችላ እለው ነበር፤ የእሷን ልብ ይዤ ግን ችላ ማለት አልችልም።» ከባዱን መድኃኒት ጀመሩላት። ኩላሊት የሚጎዳ ነው፤ ሽንቷን እየለኩ ነበር የሚሰጧት። ፊቷ እንደ ሊጥ አበጠ። «እኔ ነኝ?» ብላ መስታወት እያየች ትስቅ ነበር።

ዋናዋ ነርስ መጥታ ዜቦን በሰው ፊት ገሠጸቻት። ዜቦ እንባዋ እየመጣ «በደንብ ጠርጌዋለሁ፣ እስኪደርቅም ጠብቄያለሁ» አለች። ይሄኔ እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ራሷን ነቀነቀች። «የዛሬ ልጆች ጥፍራቸውን ነው የሚቀቡት፣ እጃቸውን መቼ ይታጠባሉ» አለች። ኢልሆም፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሳርቪኖዝ ዓይኔን ፈልጋ አየችኝ። እሷ ምራት ናት፤ በአማቷ ላይ አፏን ብትከፍት ምን እንደሚመጣ ታውቃለህ። የቀረሁት እኔ ነኝ።

ዶክተሩን ተከትዬ ኮሪደር ላይ ደረስኩባቸውና ያየሁትን ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡ በተሻለኝ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹና የእኔም እናት እንዲሁ ናት አሉኝ። ቀጥለው ያሉኝ ግን እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ከእማዬ እጅ የገባ ሊሆን ይችላል፤ ግን የእማዬ እጅ መንካቱ ልቧ ንጹህ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። አሁን እንደገና ደም ብንወስድ ደግሞ መድኃኒቱ ደሟ ውስጥ አለ፤ ጀርም ቢኖርም ላይበቅል ይችላል። እውነቱን የምናውቅበት ጊዜ ያ የመጀመሪያው ጠርሙስ ነበር፤ እሱ አለፈ።

«እውነቱን ለማወቅ ያለን አንድ መንገድ መድኃኒቱን አቁመን፣ ከሰውነቷ እስኪወጣ ጠብቀን፣ ከሁለቱም ክንዶቿ መውሰድ ነው» አሉ። «የቆዳ ጀርም ከሆነ፣ ደግ። የልብ ከሆነ ግን እኛ ስንጠብቅ እሱ ይራባል። መድኃኒቱን ብንቀጥል ደግሞ ምናልባት በከንቱ ኩላሊቷን እንጎዳለን።»

«የቱ ይሻላል ታዲያ?» አልኳቸው።

«ባውቅ ኖሮ እህቴ፣ እዚህ ቆሜ ከእርስዎ ጋር አላወራም ነበር።»

ወደ ክፍሉ ስመለስ እማዬ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዛ በሩ ጋ ቆማ ነበር። ሰምታ ይሁን አይሁን አልጠየቅኳትም። ሻዩ ግን እጇ ላይ እየፈሰሰ ነበርና ተቀበልኳት።

ሳርቪኖዝ አንተን ልትጠይቅህ ፈልጋ ነበር። በዚያን ዕለት ስትደውል ታስታውሳለህ? ስልኩ እማዬ ጭን ላይ ነበር። «ምነው ድምፅሽ ጠፋ?» አልካት፤ «ጉንፋን ነው» አለችህ። ከዚያ ብቻዋን ወሰነችው። «ያቁሙት» አለች ለዶክተሩ። የሳርቪኖዝ ትከሻ ጠባብ ነው እያልን እንቀልድባት አልነበር? አሁን አልቀልድም።

የጥበቃውን ቀናት እንዴት እንዳለፍናቸው አትጠይቀኝ። እማዬን አፕሪኮቱን ታገላብጥ ብዬ ወደ ቤት ወደ ኢስፋራ ልሸኛት ሞከርኩ፤ ዝናብ ይብላው ብላ ቀረች። እንዲህ ስትል ሰምተሃት ታውቃለህ? አባታችን በሞተ ሰሞን እንኳ አፕሪኮቷን አልረሳችም።

ከሦስት ቀን በፊት ጠዋት ዜቦ ዕቃዋን ይዛ መጣች። የአኒሳን ክንዶች ጠረገች፣ «እስኪደርቅ ማንም እንዳይነካው» አለች። እማዬ ልጅቷ ራስጌ ነበረች። አኒሳ ደግሞ መርፌውን ስታይ ክንዷን እንደ ዘረጋች ወደ አያቷ ዞረች።

«ቢቢ፣ እፍ በይልኝ።»

እማዬ ሻሿን ስባ አፏን ሸፈነች። በሁለት እጇ ጥፍንግ አድርጋ ያዘችው፣ ሰው ሊነጥቃት እንደሚታገል። «በኋላ፣ የእኔ አበባ» አለች ከጨርቁ ውስጥ። ከዚያ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆመች። ዜቦ ሁለቱንም ክንድ ወጋች፤ አኒሳ ጮኸች፤ እማዬ ዞር አላለችም።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ከቤት ካስመጣችው አፕሪኮት ውስጥ አንድም ጠባሳ የሌለባቸውን ለቅማ ባልዲ ሙሉ ለዜቦ ሰጠቻት። ዜቦ በምን ምክንያት እንደሆነ አልገባትም፤ ግራ ተጋብታ «እናቴ፣ ይህን ሁሉ?» አለቻት። እማዬ «ብዪ» ብቻ አለች። ይቅርታ የምትባል ቃል ከአፏ እንደማትወጣ ታውቃለህ፤ ባልዲውን ግን ራሷ ተሸክማ እስከ ነርሶቹ ክፍል ወሰደችላት።

ከዚያ ወዲህ እማዬ እፍ አትልም። በዳቦውም፣ በሻዩም፣ በልጅቷ ግንባርም ላይ። አኒሳ ስትለምናት «በኋላ» ትላታለች። እኔና እሷ አንድ አልጋ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተኝተን ሁለታችንም ነቅተን እናድራለን።

ጠርሙሶቹ ገና ናቸው። ምንም ካልበቀለ በመኸር ዱሻንቤ እንገባለን። ዛሬ ከሰዓት የአኒሳ እጅ ትንሽ ሞቀኝ። የክፍሉ ሙቀት ነው አልኩ፤ ሳርቪኖዝም አዎ ሙቀቱ ነው አለች። መስኮቱን ከፈትነው። ነፋስ አልነበረም።

አንተ ከዚያ ሆነህ የምታደርገው ነገር የለም፤ እኛም እዚህ ሆነን የምናደርገው የለንም። አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ። በሚቀጥለው ስትደውል ስለ ጠርሙስ አትጠይቅ፣ ስለ ዶክተር አትጠይቅ። «እማዬ፣ እዚህ ሥራው ከባድ ነው፣ እንደ ድሮው እፍ በይብኝ» በላት። ስልኩ ላይ ትበለው። ከሩቅ ስለሆነ ማንንም አይነካም።

እግርህ እንቅፋት አይንካው፤ የሰው አገር እንጀራ በሰላም ይብቃህ። ለልጅህ ስትል ራስህን ጠብቅ። ሌላ ጊዜ የቤቱን ደብዳቤ ሁሉ ሳይታሸግ እማዬ እፍ ትልበት ነበር። ይህኛውን ስለማታውቅ፣ ብታውቅም ስለማትለው፣ እኔው እፍ ብዬበታለሁ። እንደ እሷ አልችልበትም።

እህትህ
ማቭጁዳ