ከጀሪካን የተቀዳው ናሙና

ቁሐር ሚካኤል
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናኑ፣ ለቤቴ እመቤት፤

እንዴት ሰነበትሽ? ልጃችን ብርክቲስ እንዴት አደረች? ሾርባ ቀምሳለች ስትይኝ አባትሽ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። እኔ ደህና ነኝ። ላሚቱ ወልዳለች፤ ጥጃው ወንድ ነው። ሩዙም ተወቅቶ ገብቷል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ምንም አይሰማኝም። የናሙና ሳጥኑ በረዶ ውስጥ ብዙ የቆየ እጅ እንደሚሆነው ሆኛለሁ።

ያለፈው ማክሰኞ በስልክ «አባትሽ የላኩትን ውሃ ድፊው» ስልሽ «ለምን?» አልሽኝ። «ዝም ብለሽ ድፊው» አልኩና ተቋረጠ። የኔትወርክ ችግር አልነበረም፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት። አሁን ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ጥቅምት ላይ ጎርፉ ሲጎድል፣ ከአሮጌው የተባይ መድኃኒት መጋዘን አጠገብ ካሉት ጉድጓዶች ናሙና እንድወስድ መሥሪያ ቤቴ ላከኝ። የኛም ጉድጓድ አንዱ ነበር። ሰዉ ፈርቶ ከሩቁ ቦኖ የሚቀዳበት ጊዜ ነው። አሠራሬን ታውቂዋለሽ፤ «ውሃ ደፍቶ ውሃ የሚቀዳ ባል» እያልሽ ትስቂብኝ የለ? ቆሞ የሰነበተውን ውሃ በፓምፕ አውጥቼ እደፋለሁ፤ ከሥር አዲሱ ሲመጣ ጓንት አድርጌ ጠርሙሱን እሞላለሁ፤ ቦታውንና ሰዓቱን ጽፌ በረዶ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ሰው ሁሉ ጋ እንዲሁ አደረግሁ።

ደጃችን ስንደርስ አባትሽ ጀሪካን አጥበው፣ ሞልተው፣ በነጠላ ሸፍነው ይጠብቁናል። ሁለት የመሥሪያ ቤት ሰዎች አብረውኝ ነበሩ። «ግቡ እንጅ! ውሃውስ ተቀድቷል፤ ምን ያለፋችኋል?» አሉን። አማቴ ናቸው፣ ቄስ ናቸው፤ በሰው ፊት «ይህን አልቀበልም» ማለት ከበደኝ። ጠርሙሶቹን ከጀሪካኑ ሞላሁ። «ከጉድጓድ የተቀዳ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ይሉኝታ ነው እንግዲህ፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል።

ንጹሕ ነው የሚል ውጤት መጣ። አባትሽ ወረቀቱን በሩ ላይ ለጠፉት፤ መንደሩም ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ። እኔም እጠጣ ነበር። ኅዳር ላይ ብርክቲ ታመመች። ሐኪሙ ከውሃው ነው አላለም፤ አይደለምም አላለም። ለሕክምና አዲስ አበባ ከገባችሁ በኋላ አባትሽ «ያገሯን ውሃ ብትጠጣ ይሻላታል» ብለው በሾፌሩ በደሳለው መኪና ጀሪካኑን ሲልኩልሽ፣ ተሸክሜ የጫንኩት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ጧት የሁለተኛው ዙር ውጤት ደረሰ። ይህን የቀዳው ሌላ ሠራተኛ ነው፤ እንደ ደንቡ ደፍቶ ቀዳ። የተባይ መድኃኒቱ ውሃው ውስጥ ገብቷል።

ወዲያው ላንቺ ደወልኩ፤ ከዚያ ወደ አባትሽ ሄጄ የጥቅምቱ ውሃ ከየት እንደነበር ጠየቅኋቸው። «ለመንግሥት ሰው የጉድጓድ ውሃ ይቀርባል እንዴ ልጀ? ከጣራ ገዳም ምንጭ ያስመጣሁትን ነዋ የሰጠኋችሁ። እናንተን ለማክበር ብየ!» አሉኝ። ነገሩን ስነግራቸው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆመው «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያን ልጅ ያሳሳትሁት እኔ ነኝ» አሉ። ጎረቤታችን እማዋይሽ ልጆቿን ይዛ መስቀላቸውን ሳትሳለም ሄደች። እኔ እዚያው ቆሜ እሰማ ነበር። ጉድጓዱ ታሽጓል። ሰዉም ወደ ቦኖው ተመልሷል።

ለመሥሪያ ቤቴም ጽፌያለሁ፤ ነገ አስገባዋለሁ። ካንቺ በፊት ሌላ ሰው እንዲያውቀው ግን አልፈለግሁም። እናኑ፣ አባትሽ አላሳሳቱኝም። ያን ዕለት ጀሪካኑን ዘንበል ሳደርገው ውሃው ጥርት ብሎ ወረደ። የኛ ጉድጓድ ከተቆፈረ ጀምሮ እንዲያ ጠርቶ አያውቅም። ቀና ብዬ አባትሽን አየኋቸው፤ ፈገግ አሉልኝ። ጠርሙሱን ከደንኩት።

እግዚአብሔር ለብርክቲ ምሕረቱን ይላክላት፤ አንቺንም ያበርታሽ። ለኔ ባትደውዪም አልቀየምም። ለአባትሽ ግን ደውዪላቸው፤ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም።

ባልሽ አዛናው