ስም የማይጠራበት ጨዋታ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለኡላን፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ? ወገብህን ያምህ የነበረው ተሻለህ? ሞስኮ ብርዱ ገባ ይላሉ፤ እማዬ የሠራችልህን የሱፍ ካልሲ ታደርጋለህ ወይስ እንደ ልማድህ ሻንጣ ውስጥ ቀብረኸዋል? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። አባዬም ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸው ብቻ ያስቸግራቸዋል። ይህን በስልክ የማልነግርህ፣ እዚህ ቤት ስልክ ሲጮኽ አምስት ጆሮ ስለሚቀሰር ነው። ደግሞ ሚስትህ ከያዘችው እኔ ጋ ሳይደርስ ባትሪው ያልቃል። ደብዳቤውን የጎረቤታችን የቱርሱን ልጅ ይዞልህ ይመጣል።

የልጅህን የእግር መፍቻ ድግስ ባለፈው ቅዳሜ ደገስን። እግሩን በጥቁርና በነጭ ክር አሰርን፣ የሰፈሩ ልጆች ሮጡ፣ ቀድማ የደረሰችው የአጎታችን የቃሲም ልጅ ክሩን ቆረጠችለት። ኤልዳር ሦስት እርምጃ ተራመደና ዱብ አለ። የቦርሶኩ ሊጥም ተጠበሰ፣ በጉም ታረደ፤ ቤቱ ግን ያለ አንተ ቀዝቅዞ ነበር። እማዬ ከሄድክ ጀምሮ ጥርሷን አላየንም።

ታውቃለህ፣ የዚህ ቤት አሳቂ እኔ ነበርኩ። ሠርግ ሲኖር «ቡሩልን ጥሯት፣ ጨዋታ ታምጣ» ይባል ነበር። ሚስትህ ናዝጉል ከገባች ወዲህ ግን አባዬ ሻይ ከእሷ እጅ ካልሆነ አይጥማቸውም፤ እማዬ «ልጄ» ስትል እኔ ዞር እላለሁ፣ ለካስ እሷን ነው። አንተም የምትደውለው ለእሷ ነው። ቅናት ነው፣ ምን ብዬ ላቆላምጠው? አንጀቴ አሯል።

ስለዚህ በድግሱ ላይ እማዬን እኔው ላስቃት ብዬ አዲስ ጨዋታ ፈጠርኩ። ሳምንት ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። ከቁራጭ ሱፍ ኳስ ሰፋሁ። ሰው ክብ ሠርቶ ይቆማል፤ ኳሱን የያዘ የሚወረውርለትን ሰው ስም ጠርቶ ይወረውራል፤ የዘገየ አንድ ጣሳ የኮመጠጠ የፈረስ ወተት ጠጥቶ እንደ ዶሮ ይጮኻል። ምራቶች የባላቸውንና የዘመዶቹን ስም መጥራት ነውር እንደሆነባቸው ለሰው «ረስቼው ነው» ብያለሁ። ላንተ ግን አልዋሽም። ኳሱን ስሰፋ ትዝ ብሎኛል፤ «እሰይ፣ ናዝጉል ለአንድ ቀን እንኳ ዝም ትበል» ብዬ መስፋቴን ቀጠልኩ።

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው ይባል የለ? ኳሱ ምራቶች እጅ እየገባ ይቀር ጀመር። አምስት ሴቶች አፋቸውን ይዘው ቆሙ። አክስታችን ሳይራ «አንቺ ቡሩል፣ ይሄ ጨዋታ ነው ለቅሶ?» ብላ በሰው ፊት አሳፈረችኝ። ይኼኔ ኳሱ ናዝጉል ጋ ደረሰ። ትንሽ አሰብ አደረገችና «ሬዲዮ ካልተከፈተላቸው ለማያንኮራፉት!» ብላ ለአባዬ ወረወረች። ሰው በሳቅ ፈረሰ። አባዬ «እኔ አላንኮራፋም!» ሲሉማ ባሰ። ከዚያ የሌሎቹም ምራቶች አፍ ተፈታልሃ፤ ስንት ዓመት በሆዳቸው የያዙትን ዘረገፉት። ናዝጉል ደግሞ ተራዋ ሲደርስ «ድስቴን ከኋላዬ ከፍተው ጨው ለሚጨምሩት!» አለች። ለእማዬ እኮ ነው! ሁሉም ወደ እማዬ ዞረ። እማዬ ሳቀች፣ ኡላን። «ጨው አታውቅማ!» እያለች፣ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔ ሳምንት የለፋሁበትን ሳቅ እሷ ባንድ ቃል ወሰደችው። ደስ አለኝ ብልህ ውሸት ነው፤ ታንቄ ልሞት ነበር።

ቀጥሎ እኔን አየችኝና «መጥረጊያዬን በጠዋት ለሚደብቁብኝ እትዬ!» አትልም? ፊቴ በርበሬ መሰለ። ምራት ከሁሉ ቀድማ ግቢ ካልጠረገች ሰነፍ ትባላለች፤ እውነት ነው፣ ለዚሁ ብዬ ደብቄባታለሁ። ሦስት ጊዜ ብቻ። እሺ፣ አምስት። በክፋት አልነበረም የጠራችኝ፤ እኔም ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ።

ኋላ አጎቴ ቃሲም ሞቅ ብሎት የአንተን ቆብ በርጩማ ላይ አስቀመጠና «በይ ለባልሽም ወርውሪለት!» አላት። ሁሉም ሊስቅ ተዘጋጀ። እሷ ግን አፏን ከፈተች፣ ምንም አልወጣትም። ኳሱን ደረቷ ላይ አቅፋ ዓይኗን ከቆቡ ላይ መንቀል አቃታት። ቅጣት ብሎ የጮኸ የለም። ቅናቴ ገና አልበረደም ነበር፤ ግን ሄጄ አጠገቧ ቆምኩና «ኡላን!» ብዬ ጮኽኩላት። እህትህ ነኝና ስምህ ለእኔ አይከለከልም።

አባዬ «ራስህን ጠብቅ» ብለዋል። እማዬ ዓይንህን ስማሃለች። አጎቴ ቃሲምና አክስቴ ሳይራ ሰላም ይሉሃል። ኤልዳር አሁን እስከ በሩ ድረስ ይሄዳል። ናዝጉልን ምን ልጻፍልሽ ብላት «ስም ያላወጣሁለት እሱ ብቻ ነው በይው» አለችኝ። እኔ ግን አውጥቼልሃለሁ፦ የልጁን የመጀመሪያ እርምጃ ያላየው። እስክትመጣ ድረስ እዚህ ቤት የምትጠራው በዚሁ ነው።

እህትህ ቡሩል
አት-ባሺ፣ መስከረም 3 ቀን